ስለ አቅኚ አባት አቆጣጠር ለቀረበው አስተያየት የተሰጠ መልስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንባብያን ዓምዳችሁ ስለ ቤተሰብ ታሪክ አጻጻፍ ሲወጡ የሰነበቱትን ደብዳቤዎች ተከታትያለሁ፤ አብዛኞቹንም ጠቃሚ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ፈረንጆች የአባቶቻቸውን አመጣጥ በመዝገብ ይዘው ስለ ኖሩ የማያውቁት ትውልድ እንደሌለ፣ በእኛ አገር ግን ከአያት በላይ ያለው ሁሉ የሽማግሌ ተረት ስለ ሆነ ሊጻፍ እንደማይገባው አድርገው አቅርበዋል። እኚህ ጸሐፊ ይህን የተናገሩት በቅን ልብ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ስለ ፈረንጆቹም ስለ እኛም የሰጡት ፍርድ ትክክል አይመስለኝም፤ ሁለቱንም ዓይነት ፍለጋ በቅርብ ለማየት ዕድል ስለ ገጠመኝ ያየሁትን እንድገልጽ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

በአባቴ የተጉለት፣ በእናቴ የመንዝ ሰው ስሆን፣ ዕድሜዬን በመምህርነት አሳልፌ አሁን በደብረ ብርሃን ከተማ በጡረታ እኖራለሁ። ልጄ ያገባችው በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ፣ ላንካስተር በሚባለው አውራጃ የተወለደ ሰው ነው። የልጅ ልጅ ሲወለድልን የአማቼ አባትና እኔ፣ ሕፃኑ ነፍስ ሲያውቅ የሁለቱንም ወገን አባቶች የሚያነብበት ጽሑፍ እንድናዘጋጅለት ተስማማን፤ እሳቸው የራሳቸውን ወገን፣ እኔም የእኛን። ከዚያ ወዲህ በተጻጻፍነው ሁሉ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የእሳቸው ጭንቅ ከእኔ ጭንቅ እንደማያንስ ነው።

የአማቼ ወገኖች ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ይህ ስም ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል ያቋቋሙት እነሱ ናቸው፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የተነሣችው ከእነሱ አገልግሎት ነው። ያ ሆስፒታል የተሰየመው በእኛው አገር አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያነት ነበር። እዚህ ደብረ ብርሃን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በዚሁ ሰው ስም እንደሚጠራ ለአማቼ አባት በጻፍኩላቸው ጊዜ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ስም ዙሪያ ኖረዋል ማለት ነው ብለው ተደንቀው መለሱልኝ።

የእምነታቸው መነሻ ስዊዘርላንድ ነው። ከዚህ በታች ስለ እነሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ እኛ የምጠቅሳቸው በእኛው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። በ1525 በዙሪክ ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ጥምቀት ለአመነ አዋቂ እንጂ ለሕፃን አይገባም በማለት እርስ በርሳቸው ተጠማመቁ። ሰይፍ አናነሣም፣ መሐላም አንምልም ማለታቸው ሲጨመርበት መንግሥትም ካህናትም ተነሡባቸው፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንትስ በ1527 በከተማይቱ ወንዝ እንዲሰጥም ተደርጎ ተገደለ። ሜኖናይት የሚለውን ስም ያገኙት፣ በ1536 የካቶሊክ ክህነቱን ትቶ ከወጣውና ኋላ ታላቅ መምህራቸው ከሆነው ከኔዘርላንዱ ሰው ከሜኖ ሲሞንስ ነው። በበርን ግዛት የነበሩት ከመቶ ዓመት በላይ ሲሳደዱ ቆይተው በ1671 ሰባት መቶ ያህሉ አገራቸውን ለቀው በራይን ወንዝ አካባቢ ወዳለው ወደ ፓላቲኔት ምድር ገቡ። ያ አገር በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሕዝቡ አልቆ ጠፍ ሆኖ ስለ ነበር ገዢው አራሽ ገበሬ ይፈልግ ነበር። ከዚያም ደግሞ መሥራቿ ዊልያም ፔን የሃይማኖት ነፃነት ወደ ፈቀደባት ወደ ፔንሲልቫኒያ መሻገር ጀመሩ። በ1683 ከፊላዴልፊያ አጠገብ ጀርመንታውን በተባለው መንደር ከሰፈሩት መካከል የእነሱ ወገኖች ነበሩባቸው፤ በ1710 ደግሞ ሃንስ ሄርና ባልንጀሮቹ ዛሬ ላንካስተር በሚባለው አውራጃ፣ ያን ጊዜ ጫካ በነበረው ምድር፣ መሬት ያዙ። በ1719 የሄር ቤተሰብ የሠራው የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

የአማቼ አባት የሚፈልጉት ከእነዚህ ቀደምት ሰፋሪዎች መካከል አንዱን፣ የራሳቸውን አቅኚ አባት፣ ማለትም ምድሩን መጀመሪያ ያቀናውን የዘራቸውን መነሻ ነው። እሱም ስሙ ሃንስ ነው፤ በዚያ ዘመን በስዊዞቹ ዘንድ ሃንስ መባል በእኛ አገር ኃይለ ማርያም ወይም ወልደ ማርያም የመባል ያህል የተለመደ ነበር። አባት ሃንስ፣ ልጅ ሃንስ፣ አጎት ሃንስ፣ ጎረቤትም ሃንስ ነው።

አስተያየት ሰጪው ፈረንጆች አላቸው ያሉት መዝገብ ይህን ሰው ሊያገኝልን ይገባ ነበር። ነገር ግን ሜኖናይት ሕፃን ስለማያጠምቅ የክርስትና መዝገብ የለውም። በስዊዘርላንድ የቀሩት የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ውስጥ አንዳንዱ ስም ይገኛል፤ ይሁን እንጂ እየተሳደደ በሚሸሸግ ቤተሰብ ዘንድ ከጸሐፊ ዓይን መራቅ ነፍስን ማትረፊያ ስለ ነበር ብዙው አልተጻፈም። መርከቡን እንይ ብንል፣ የፔንሲልቫኒያ ምክር ቤት የሚገቡት የውጭ አገር ሰዎች በዝርዝር እንዲያዙና ለንጉሡ ታማኝነታቸውን እንዲያረጋግጡ ያዘዘው በ1727 ነው፤ ከዚያ በፊት የደረሰ ሰው በዚያ ዝርዝር አይገኝም። ከዚያ በኋላ በመጡትም ላይ የሚፈርሙት ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆናቸው ወንዶች ስለ ነበሩ ሚስቶችና ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፉ ቀርተዋል። ጸሐፊው እንግሊዛዊ፣ መንገደኛው የጀርመንኛ ተናጋሪ በመሆኑ ጸሐፊው ጆሮው ያመጣለትን ይጽፋል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ምልክት አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው በመርከቡ ዝርዝር በአንድ አጻጻፍ፣ በግብር መዝገቡ በሌላ፣ በኑዛዜው ላይ ደግሞ በሦስተኛ አጻጻፍ ይገኛል፤ ሦስቱ አንድ ሰው ይሁኑ ሦስት ሰዎች የሚናገር ወረቀት የለም።

ቀኑም ቢሆን የሚታመን አይደለም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በድሮው አቆጣጠር ሲሄዱ ዓመታቸው የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ስለ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 1730 ተብሎ የተጻፈ ውል በዛሬው አነጋገር የ1731 ነው። በ1752 አቆጣጠሩ ሲለወጥ ዐሥራ አንድ ቀን ተዘልሎ የሴፕቴምበር 2 ማግሥት ሴፕቴምበር 14 ሆኗል። ስደተኞቹ በተነሡበት በበርን ደግሞ ይህ ለውጥ ከተደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። እኛ በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት የምንወዛገብ ሰዎች ፈረንጅ በዚህ በኩል ዕረፍት ያለው ይመስለናል።

በአማቼ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ሦስት ወንድማማቾች በአንድ መርከብ መጡ፤ አንደኛው ላንካስተር ቀረ፣ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ወረደ፣ ሦስተኛው የገባበት አልታወቀም ይላል። ይህ የሦስት ወንድማማቾች ታሪክ በአሜሪካ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ሲዞር የኖረ በመሆኑ የዘር ሐረግ መርማሪዎች ገና ሲሰሙት በጥርጣሬ ፈገግ እንደሚሉ የአማቼ አባት ጽፈውልኛል። እኔም ደብዳቤውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ በእናቴ የመንዝ ልጅ ነኝና። የመንዝ ሦስቱ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ ስማቸውን ያገኙት አገሩን ካቀኑት ከሦስቱ አባቶች እንደ ሆነ ሲነገረን አድገናል፤ ሦስቱን ወንድማማች የሚያደርግ ሰውም ሰምቻለሁ። ይህን ማለቴ የማማን፣ የላሎንና የጌራን መኖር ለመካድ አይደለም። ሦስት ቁጥር በሰው አፍ ውስጥ ቶሎ የሚደላደል መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል።

ወደ ሃንስ እንመለስ። ቤተሰቡ ከዚህ ቀደም ያሳተመው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነበረ፤ በዚያ መጽሐፍ አቅኚው ሃንስ ከእነ ወንድሞቹ፣ ከእነ መርከቡ፣ ከእነ መሬቱ ተሟልቶ ተቀምጧል። የአማቼ አባት የመሬቱን ሰነድ፣ የግብሩን ዝርዝርና ኑዛዜውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲመረምሩ፣ መጽሐፉ አንድ ያደረገው ሰው ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ሃንስ የመርከብ ዝርዝር ከመያዙ በፊት መሬት የያዘ ሲሆን፣ በመርከቡ ዝርዝር ላይ የፈረመው ግን ከዚያ በኋላ የደረሰ ሌላ ሃንስ ነው። በግብር መዝገቡ አንዱ ትልቁ፣ ሌላው ትንሹ እየተባሉ ስለ ተጻፉ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች አባትና ልጅ አድርገዋቸው ነበር። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ግን በአንድ ቀበሌ ሁለት ሞክሼዎች ሲኖሩ፣ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ፣ በዕድሜ ለመለየት ብቻ እንዲህ ብለው ይጽፉ ነበር። ኑዛዜው ልጆቹን በስም ሲጠራ ሚስቱን በራሷ ስም ብቻ ስለሚጠራት የማን ልጅ እንደ ነበረች አይታወቅም። መቃብሩን እንዳይጠይቁ፣ የዚያ ትውልድ ብዙው ሰው የተቀበረው ጽሑፍ በሌለበት የሜዳ ድንጋይ ሥር ነው።

የአማቼ አባት በመጨረሻ ለልጅ ልጃችን የጻፉለት ይህን ነው፤ አቅኚ አባታችን ሃንስ ከ1727 በፊት መሬት የያዘው ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ለዚህም የልጆቹ ስሞችና የመሬቱ አዋሳኝ ይመሰክራሉ፤ በየትኛው መርከብ እንደ መጣ ግን አይታወቅም፣ በዝርዝሩ ላይ ከሚገኘው ሃንስ ጋር አንድ መሆኑም አልተረጋገጠም። በቀድሞው መጽሐፍ የነበረውንም ታሪክ አልሰረዙትም፤ ማን እንደ ተናገረውና ለምን እንደማይቀበሉት ጽፈው ከሥሩ አኖሩት። እኔ የፈረንጅ ብልጫ ይህ ነው ብባል እቀበላለሁ። መዝገባቸው እንደ እኛው የተቀዳደደ ነው፤ እሳቸው ግን ቀዳዳውን በወረቀት ላይ እንዳለ አሳይተውታል።

አሁን የእኛን ልናገር። አስተያየት ሰጪው የሽማግሌ ተረት ያሉት ነገር በተጉለትና ቡልጋ፣ በመንዝና ግሼ እንዴት ይሠራበት እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሰዎች እያነሱ መጥተዋል። ርስት የሚገኘው አገሩን ካቀናው አባት በመወለድ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው እስከ ራሱ ያሉትን አባቶችና እናቶች እየጠራ በዳኛ ፊት ይቆጥራል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተሰደደ ሰው የልጅ ልጅ እንኳ ተመልሶ ቆጥሮ ሊጠይቅ ይችል ነበርና። በእርግጥ እንዲህ ያለ ጥቅም ያለበት ቆጠራ ለሐሰትም ይጋብዛል፤ ያልወለደውን አባት እየጠራ የሰው መሬት የሚሻ ሰው በየዘመኑ አልጠፋም። ይሁን እንጂ በዚያ ሸንጎ ላይ ሁልጊዜ ተከራካሪ አለ፤ አንዱ የሚቆጥረውን ሌላው ቃል በቃል ይጠብቃል፣ አንድ ትውልድ ቢዘለል ወይም አንድ ስም ቢለወጥ ይይዘዋል፣ የአገር ሽማግሌም ምሎ ይመሰክራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ የገዛ መሬታቸው እንዳይሄድባቸው ነው። በፊላዴልፊያ ወደብ ቆሞ የሰማውን የሚጽፈው ጸሐፊ እንዲህ ያለ ተቃዋሚ አልነበረበትም፤ ስሙን ቢያበላሸው የሚጎዳው እሱ አይደለም። ስለዚህ በጽሑፍ ያለውን ሁሉ ከቃሉ አስበልጦ ማየት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር ርስት በእናትም በኩል ስለሚወረስ ሴቶች ከቆጠራው አልወጡም። የእናቴ እናት የምትቆጥረው ሐረግ ሦስት ጊዜ በሴት ያልፋል፤ የእያንዳንዳቸው አባትና እናት ይታወቃሉ። የአማቼ አባት ይህን ሲያነቡ፣ በእሳቸው በኩል ካሉት የመጀመሪያ እናቶች መካከል የአባቷ ስም በእርግጠኝነት የታወቀ አንዲት እንኳ እንደሌለች ጽፈውልኛል።

ይህ ሁሉ ጥቅም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። አዋጁ ለአራሹ ያደረገውን ማንም የሚያውቀው ስለ ሆነ ወደዚያ አልገባም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አባት መቁጠር ለዳኛ የሚቀርብ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈልገው ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ሰባት ቤት መቁጠር ደግሞ ዝምድና መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እንጂ አቅኚውን ለማግኘት አያስኬድም። ዛሬ የስልሳ ዓመት ሰው በሸንጎ ቆሞ ያልቆጠረ ነው፤ የሚቆጥሩት ከእሱ በላይ ያሉት ናቸው፣ እነሱም እያለቁ ነው።

በጽሑፍ በኩል ደግሞ ፈጽሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በአጎቴ ልጅ እጅ ያለ አንድ የብራና ዳዊት አለ፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የአንድ ሕፃን መወለድ ተጽፏል። ጽሑፉ የክርስትና ስሙን ከጠራ በኋላ በመንግሥቱ ለሣህለ ሥላሴ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥር በ21፣ በዕለተ ሐሙስ ይላል፤ ዓመተ ምሕረት ግን የለውም። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የዘመን አቆጣጠር ትምህርት የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ወረቀትና እርሳስ ይዘው አብረውኝ ቆጠሩት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል ሁለት የሚተርፈው ዓመት ዘመነ ማርቆስ ስለ ሆነ፣ በዚያ መንግሥት ውስጥ ጥር 21 የሚገኝባቸው የማርቆስ ዓመታት ከ1806 እስከ 1838 ዘጠኝ ናቸው። ጥር 21 ከመስከረም 1 ልክ ሃያ ሳምንት ስለሚርቅ የሚውለው ዘወትር የዚያ ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ በዋለበት ዕለት ነው። ከዘጠኙ ዓመታት ቅዱስ ዮሐንስ ሐሙስ የዋለው በአንዱ ብቻ፣ በ1822 ነው። ዓመት ያልተጻፈበት ጽሑፍ እንዲህ ተጠይቆ ዓመቱን ተናገረ። ይህን ሥሌት ለአማቼ አባት ስልክላቸው፣ የእነሱ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ቅጠል ላይ የልጅ መወለድ ሲጽፉ ዕለቱንም ቢጨምሩበት ኖሮ ስንት ክርክር በቀረ ነበር ብለው መለሱ።

ዓመቱ ታወቀ ማለት ግን ሰውየው ታወቀ ማለት አይደለም። ዳዊቱ የያዘው የክርስትና ስም ነው፤ ቆጠራው የሚያውቀው ደግሞ የዓለም ስሙን ነው። በዚያ ላይ ሰው በፈረስ ስሙ ይጠራል፤ ማዕረግ ሲያገኝ ደግሞ የቀድሞ መጠሪያው ይረሳል። አንድ ሰው በአራት ስም ተጠርቶ እንደ አራት ሰው ሊቆጠር፣ ወይም አራት ሰዎች በአንድ ስም ተጠርተው እንደ አንድ ሊታለፉ ይችላሉ። የእኛ አቅኚ አባት በሸዋው ገዢ በመርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ዘመን ከጌራ ተነሥቶ ወደ ተጉለት እንደ ተሻገረ የአባቴ ወገኖች ሁሉ ይስማማሉ። ይሁን እንጂ አንደኛው ቤት የዳዊቱን ሕፃን የአቅኚው ልጅ ሲያደርገው፣ ሌላው ቤት በመካከል አንድ አባት ጨምሮ የልጅ ልጁ ያደርገዋል። አስፋ ወሰን ያረፉት በ1800 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ሆነ፣ በእሳቸው ዘመን ጎልማሳ ሆኖ የመጣ ሰው በ1822 ልጅ ሊወልድም፣ የልጅ ልጅ ሊያይም ይችላል፤ ዓመቱ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ለልጅ ልጄ የጻፍኩለት ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ብዬ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ቤት ምን እንደሚል፣ ከማን አፍ እንደ ሰማሁትም ጽፌለታለሁ። አንድ የአባቴ ዘመድ ይህን አይተው ታሪኩን አደከምከው፣ አንዱን መርጠህ ብትጽፍ ማን ይጠይቅሃል ብለው ገሠጹኝ። ከአክብሮት ጋር አልተቀበልኳቸውም።

አልተቀበልኳቸውም ያልኩበት ምክንያት፣ በየቤተ ዘመድ ማኅበሩ እየታተሙ የሚታደሉትን የዘር ሐረጎች ስለማይ ነው። በእጄ ከገቡት አብዛኞቹ የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መነሻ ከሆኑት ከነጋሲ ክርስቶስ ይጀምራሉ። ነጋሲ የመንዝ ሰው ስለ ሆኑ ከእሳቸው መወለድ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ግን አንባቢ ራሱ ሊፈትሸው የሚችል መለኪያ አለ። ከነጋሲ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ያለው ሐረግ በሸዋ ማንም የሚያውቀው ነው፤ ነጋሲ፣ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። ስምንት ጊዜ መወለድ ነው። ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በ1940ዎቹ የተወለደ ሰው ከነጋሲ ዐሥራ አንደኛ ወይም ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ አካባቢ ቢሆን የሚጠበቅ ነው፤ ዕድሜው የገፋ አባት እየወለደ አንድ ሁለት ትውልድ ሊያንስ ይችል ይሆናል። በስድስት አባት ነጋሲ ላይ የሚደርስ ሐረግ ግን ወይ ስም ጥሏል፣ ወይም ነጋሲን ከላይ ለጥፎበታል። በሚያምር ወረቀት፣ በባለቀለም ሽፋን መታተሙ ይህን አይለውጠውም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከአምሳ ዓመት በኋላ በልጆቻችን እጅ ሲገኝ የተጻፈ ስለ ሆነ ብቻ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ የአማቼን ቤተሰብ ስንት ዘመን ያሳሳተው መጽሐፍም የታተመ መጽሐፍ ነበር።

ስለዚህ ለአስተያየት ሰጪው የምመልሰው፣ ከአያት በላይ ያለውን አትጻፉ በማለት ፈንታ የሰማችሁትን ከእነ ተናጋሪው ጻፉ ቢሉ የተሻለ ይሆን ነበር ነው። ሽማግሌ ሲጠየቅ ዓመት አይጠየቅም፤ በክፉ ቀን ስንት ዓመቱ ነበር፣ ከዓድዋ ሲመለሱ ተወልዶ ነበር ወይ፣ የሰገሌ ጊዜ መሣሪያ ይዞ ነበር ወይስ ከብት ጠባቂ ነበር፣ በኅዳር በሽታ ማን ሞተበት ተብሎ ይጠየቃል። ሰገሌ በ1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911 የሆኑ ነገሮች በመሆናቸው መልሱ ራሱ ዓመት ይሆናል። ሁለት ሽማግሌ ሲለያዩ ማስታረቅ የጸሐፊው ሥራ አይደለም፤ ሁለቱንም ማስፈር ነው። የዳዊት፣ የገድልና የድርሳን ቅጠሎች ጠርዝና መጨረሻ ደግሞ፣ ብራናው ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከመሸጡ ወይም በእርጥበት ከመበላሸቱ በፊት፣ በስልክ ፎቶግራፍ ቢነሣ ወጪ የለበትም። በየደብሩ ያሉ አባቶች ይህን ሲያስፈቅዷቸው እንደማይከለክሉ ከራሴ ገጠመኝ እመሰክራለሁ።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክና የቤተሰብ ሐረግ በምታወጡበት ጊዜ፣ ጽሑፉን ያመጣው ሰው ሐረጉን ከማን እንደ ሰማ ወይም ከምን እንደ ገለበጠ አንድ መስመር እንዲጨምር ብታስገድዱት፣ የሚያጠብባችሁ ቦታ ጥቂት ነው።

በመጨረሻም የግል ጉዳይ ቢሆንም ዓምዱ ለዚህ ስለሚያገለግል ልጠይቅ። በሰላ ድንጋይና በአካባቢው፣ እንዲሁም በመሐል ሜዳ በኩል ያላችሁ አንባብያን፣ በአስፋ ወሰን ዘመን ከጌራ ተነሥቶ ወደ ተጉለት የተሻገረ አባት በቆጠራችሁ ውስጥ ካለ፣ ወይም ጥር 21 ቀን በዘመነ ማርቆስ ስለ ተወለደ ሕፃን የሚናገር ጽሑፍ በዳዊታችሁ ላይ ከተገኘ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ብትጽፉልኝ ወሮታውን በምችለው እከፍላለሁ። ከእኔ ቆጠራ ጋር የማይስማማ ቢሆን ደግሞ አብልጬ እፈልገዋለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ጡረተኛ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ